የመድረክ እንጀራና የመድረክ ዕዳ

ደወሌ የድንበር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም ሆነ በዚህ መስመር የሚመጣው ከባድ መኪና ወደ አገር ሲገባ ቀድሞ የሚረግጠው የእሷን መሬት ነው። እኔ እዚህ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ በሰው ስም እያስመዘገብኩ፣ ዲክላራሲዮን እየሞላሁ እኖራለሁ። የተመረቅኩት ግን በቲያትር ነው። ይህን የሰሙ ሾፌሮች ሻይ ላይ ሲያገኙኝ «እስቲ አንዴ ተውንልን» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከድሬዳዋ ስልክ መታችልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። «አጎቴ፣ ቲያትር መማር እፈልጋለሁ፤ እማዬ ግን መጀመሪያ አንተን ጠይቂው አለችኝ። ያዋጣል?» አለችኝ።

«ያዋጣል?» የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ በነጋዴ ከተማ ለሚኖር ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ወዲያው መመለስ አቃተኝ። የማስበውን ሂሳብ ለማስተካከል ወደ ኋላ ሄጄ፣ የመድረክን እንጀራ ማን ሲጋግረው እንደኖረ ማየት ነበረብኝ።

ከደወሌ ብዙ ሳልርቅ ልጀምር። ጅጅጋን በአንድ ወቅት ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩት የመድፈኛ ሙያ ነው፤ ቲያትርን ያወቁት እንደማንኛውም ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በ1913 ዓ.ም. ግድም ለመድረክ ያበቁት የአውሬዎች ኮሜዲያ በእንስሳት አንደበት የሹማምንቱን ጉድለት ስለነቀፈ ታገደ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔታችን ከሙያው ያተረፉት እገዳ ነበር ማለት ነው። እንጀራቸው የመጣው ከሹመት ነው፤ አገረ ገዥ ሆነዋል፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡ ሰው ናቸው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማራል፤ ውሻ ይነክሰው ይሆናል እንጂ የበላው እንጀራ በዕዳ አይመዘገብበትም። ዮፍታሔ አዲስ አበባ መጥተው ያስተማሩበት ትምህርት ቤት አበላቸው፤ ተውኔቶቹ ደግሞ ስማቸውን አቆዩላቸው።

በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ለተዋናዩ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ አስለመዱት። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለው ስድብም አልለቀቀውም። ቢሆንም ደመወዝ ነው። ትምህርቱም ቢሆን የተማሪውን ኪስ አልነካም። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ሃንጋሪ ሄደው ሲማሩ፣ ወጪውን የሸፈነላቸው የነፃ ትምህርት ዕድል ነበር።

በ1970ዎቹ መባቻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍሉን ከፈተ። የዚያ ዘመን ተማሪ ትምህርቱም፣ መኝታውም፣ ምግቡም በነፃ ነው። ሲመረቅ መንግሥት ይመድበዋል፤ ቲያትር ቤት፣ ወይም የባህል መሥሪያ ቤት፣ ካልሆነም ክፍለ ሀገር ይደርሰዋል። ምርጫ የለም፤ ሥራ ግን አለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ነፃው ቀረ።

የ1995ቱ ደንብ ስሙ «የወጪ መጋራት» ነው፤ ተማሪው ግን «ኮስት ሼሪንግ» ይለዋል። ሐሳቡ ከወደ አውስትራሊያ የመጣ ነው፤ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀምረውታል፤ አሁን ተማር፣ ስትሠራ ትከፍላለህ ነው ነገሩ። በእኛ አገር ተመራቂው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይመልሳል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢዘገይ በ15 ዓመት ውስጥ ይዘጋል። ልብ በሉ፤ አብዛኛው ዕዳ የሽሮና የአልጋ ነው። ያ የጥንቱ አኩፋዳ በመንግሥት እጅ ዱቤ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ዕዳው ከባድ ነው? በምሳሌ እንየው። 2,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በወር 200፣ በዓመት 2,400 ብር ይቆረጥበታል፤ በ15 ዓመት 36,000 ይሆናል። ያሳምማል እንጂ አይገድልም። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ተዋናዩም አንድ ካፌ በልተው፣ አንድ ዓይነት ፎቅ አልጋ ላይ ተኝተው ነው የወጡት፤ በዚህ በኩል የየዓመቱ ዕዳቸው ብዙም አይራራቅም።

ልዩነቱ ያለው ገቢው ላይ ነው። ደንቡ የታሰበው የደመወዝ ሊስት ላይ ለሚፈርም ሰው ነው፤ አሠሪው ቆርጦ ያስገባል፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ያልቃል። የቲያትር ሰው ግን ዛሬ የሬዲዮ ድራማ፣ ነገ ማስታወቂያ፣ ከነገ ወዲያ የሠርግ መድረክ መሪነት እያለ ነው የሚኖረው። ሦስት ወር ሠርቶ አምስት ወር ሊቀመጥ ይችላል። ከእሱ የሚቆርጥለት የለም። ባለመከፈሉ ደስ ብሎት ይከርምና አንድ ቀን ኦሪጅናል ዲግሪውን ሲፈልግ «መጀመሪያ ክፈል» ይባላል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ያን የደመወዝ ሥራ ለማግኘት ነው። ክቡ እዚህ ላይ ይገጥማል።

ይህን የማወራው ከሩቅ አይደለም። እኔም የምሠራው በፋይል ክፍያ ነው፤ ደመወዝ የለኝም፤ ቆራጭም አልነበረኝም። ጊዜያዊ ዲግሪዬ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፣ ኦሪጅናሉ አሁንም የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ተቀምጧል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የቲያትር ትምህርት ቤቱን በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራዋል። ዲግሪ ባልነበራቸው ሰው ስም ዲግሪ ይሰጣል። በዚህ መሳለቅ አልፈልግም፤ ዲግሪ የሌላቸው ሰዎች ሙያውን ስላቆሙልን ነው ትምህርት ቤት ያገኘነው። ግን አንድ ነገር ያስታውሰኛል፦ እነሱ ከመድረኩ ሌላ እንጀራ ነበራቸው፤ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ደመወዝና ምደባ ነበረው። የእኛ ትውልድ ሁለቱም ሲቀሩ ዕዳው ደረሰው።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። «ዕዳውን አትፍሪው፤ ዕዳው የእንጀራና የአልጋ ነው፤ ሐኪም ብትሆኚም አይቀርልሽም» አልኳት። «የሚያስፈራው ከምርቃት በኋላ በየወሩ የሚከፍልሽ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ቲያትሩን ተማሪ፤ ከጎኑ ግን አንድ ሌላ ሙያ ያዢ። ተክለ ሐዋርያትም እንዲያ ነው ያደረጉት። ደግሞ ትንሽም ቢሆን ባገኘሽ ቁጥር ራስሽ ክፈዪ፤ እስኪቆርጡልሽ አትጠብቂ።»

ዝም አለች። ከዚያ «አንተስ ከፍለህ ጨረስክ?» አለችኝ።

አልጨረስኩም። እሷ ውሏን ስትፈርም እኔ የመጀመሪያውን ክፍያ ልጀምር ተስማምተናል።