ኤ፣ ማይ ኔም ኢዝ አሌክስ

«ኤ፣ ማይ ኔም ኢዝ አሌክስ»፣ በአማርኛ «ኤ፣ ስሜ አሌክስ ነው»፣ ፋሚሊ ታይስ የተባለው የአሜሪካ የቤተሰብ ሲትኮም አንድ ክፍል ነው። መጋቢት 3 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1987) በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ድርሰቱን የጻፉት የተከታታዩ ፈጣሪ ጋሪ ዴቪድ ጎልድበርግ እና አለን ዩገር ሲሆኑ፣ ያዘጋጀው ዊል ማኬንዚ ነው። ርዕሱ የመጣው ሕፃናት ኳስ እያነጠሩ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው በተራ ስም ከሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ጨዋታ ነው።

ዳራ

ፋሚሊ ታይስ ከመስከረም 12 ቀን 1975 እስከ ግንቦት 6 ቀን 1981 ዓ.ም. የታየ ሲሆን፣ በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ስለሚኖሩት የኪተን ቤተሰብ ይተርካል። አባት ስቲቨን (ማይክል ግሮስ) በሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይሠራል፤ እናት ኤሊስ (ሜሬዲዝ ባክስተር) አርክቴክት ናት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣቶች ንቅናቄ አስተሳሰብ የተቀረጹ ናቸው። የበኩር ልጃቸው አሌክስ (ማይክል ጄ. ፎክስ) ግን ወግ አጥባቂ፣ ገንዘብ ወዳድና የፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን አድናቂ ነው። ለማንኛውም ነገር ፈጣን መልስ አያጣም፤ የተከታታዩ ቀልድም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ይህ ክፍል የሚያቀርበው መልስ ያጣበትን ጊዜ ነው።

ታሪኩ

የአሌክስ ጓደኛ ግሬግ (ብራያን ማክናማራ) በመኪና አደጋ ይሞታል። ከአደጋው በፊት ግሬግ ዕቃ በማጓጓዝ እንዲያግዘው ጠይቆት ነበር፤ አሌክስ ግን አልሄደም። ቢሄድ ኖሮ እሱም መኪናው ውስጥ ይሆን ነበር። ከቀብር መልስ አሌክስ ሐዘኑን ደብቆ ያለ ማቋረጥ ይቀልዳል፤ ቤተሰቡ ግን ሁኔታው ያሳስበዋል። በኋላ የሞተው ጓደኛው ሲታየው የያዘው ጭንብል ይወልቃል፤ ሕይወቱን ያተረፈው ራስ ወዳድነቱ መሆኑን አምኖ «እኔ ለምን ተረፍኩ?» ብሎ ይጠይቃል።

በሁለተኛው አጋማሽ አሌክስ ድምፁ ብቻ ከሚሰማ፣ መልኩ ግን ከማይታይ የሥነ ልቦና ሐኪም ጋር ይነጋገራል። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወላጆቹና ስለ እምነቱ ሲጠየቅ ትዝታዎቹ በመድረክ ላይ ይታያሉ። ለጥያቄው የተሟላ መልስ አያገኝም። ከዚያ ይልቅ ሐሳቡ «ለምን ተረፍኩ» ከሚለው ተነሥቶ ማን እንደሆነና በቀሪ ሕይወቱ ምን እንደሚያደርግ ወደ ማሰብ ይሸጋገራል።

አቀራረብ

ተከታታዩ በተለመደው ጊዜ የግማሽ ሰዓት ሲሆን ይህ ክፍል አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ወትሮው በቤቱ ውስጥ ይካሄዳል። ሁለተኛው ግን ባዶ በሆነ ጨለማ መድረክ ላይ በመብራት ብቻ እየተለየ ስለሚቀርብ ከቴሌቪዥን ኮሜዲ ይልቅ ወደ ቴአትር ይጠጋል። ፎክስም ከመድረኩ ሳይወጣ በአንድ ትዕይንት ከሳቅ ወደ ለቅሶ ይሸጋገራል።

አቀባበል

ጎልድበርግ እና ዩገር በዚህ ድርሰት እ.ኤ.አ. የ1987ን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ድርሰት ዘርፍ አሸንፈዋል። በዚያው ዓመት ፎክስ በተከታታዩ ባሳየው ትወና የዋና ተዋናይ ኤሚ ተሸልሟል። በሞት አደጋ የተረፉ ሰዎች የሚሰማቸውን ጸጸት በሳቅ ለሚታወቅ የቤተሰብ ዝግጅት ያመጣ ክፍል ተደርጎም ይጠቀሳል።