የሕክምና ምስጢርና የታካሚ ማህደር፦ በላሊበላና በላስታ ደጋ

የሕክምና ምስጢር ጥበቃ፣ የጤና ባለሙያ በሥራው አጋጣሚ ስለ ታካሚው ያወቀውን ነገር ያለ ታካሚው ፈቃድ ለሌላ እንዳይገልጽ የሚያስገድድ የሙያና የሕግ ግዴታ ነው። የታካሚ ማህደር ደግሞ የሕመሙ ታሪክ፣ የምርመራው ውጤትና የታዘዘው መድኃኒት የሚመዘገብበት ሰነድ ሲሆን፣ በጤና ተቋማት በተለምዶ ካርድ ይባላል። ማህደሩ ለሌላው የተዘጋ፣ ለታካሚው ግን የተከፈተ እንዲሆን የሚጠይቁት ሁለቱ መብቶች አይነጣጠሉም፤ ሰዎች በቅርብ በሚተዋወቁበት በሰሜን ወሎ የላስታ ደጋ ደግሞ ሁለቱም በየዕለቱ ይፈተናሉ።

ሕጋዊ መሠረት

ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በጥንታዊው የሂፖክራተስ መሐላ የተካተተ ሲሆን፣ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጄኔቫ ቃለ መሐላም አጽንቶታል። በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ያወጣን ሰው በወንጀል ይቀጣል፤ አንቀጽ 400 ደግሞ ባለምስጢሩ ሲፈቅድ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ሲወስን ምስጢሩ ሊገለጽ የሚችልበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦ፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘውን መረጃ የማግኘትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዲኖራቸው ያደረገ ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የመከታተል ኃላፊነት የተሰጠውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ማህደሩ ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል

በላስታ የአንድ ሰው የጤና መረጃ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላዎችን ያስፋፋ ሲሆን፣ በእነዚህም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከፈተው የቤተሰብ ማህደር የእናቶችን ክትትል፣ የሕፃናትን ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎትን የሚመለከቱ ካርዶችን በአንድነት ይይዛል። ከጤና ኬላ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በላሊበላ ከተማ የሚገኘው ሆስፒታል አለ፤ ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይላካል። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ታካሚው በካርድ ክፍል ተመዝግቦ የራሱ የካርድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚህም የተነሣ ምስጢሩን የመጠበቅ ኃላፊነት ከሐኪሙ አልፎ መዝጋቢውን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውን፣ መድኃኒት አዳዩንና ካርድ የሚያመላልሰውን ሠራተኛ ሁሉ ይጨምራል።

በሚተዋወቅ ማኅበረሰብ ውስጥ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ መካከል የሚመለመሉ በመሆናቸው፣ የቤተሰብን ማህደር የምትይዘው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ናት። ይህ ቅርበት እናቶች በነጻነት እንዲጠይቁ የሚረዳ ታላቅ ጥቅም ቢኖረውም፣ በግዴለሽነት የተነገረች አንዲት ቃል በገበያ ቀን ወይም በማኅበር ላይ ተዛምታ ትዳር ልታናጋ፣ ሰውንም ከወገኑ ልታገልል ትችላለች። በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች መገለልን በመፍራት አቅራቢያቸው ያለውን ተቋም ትተው ማንም ወደማያውቃቸው ከተማ ለመድኃኒት ሲጓዙ፣ በድካሙና በወጪው ምክንያት ክትትላቸው ለመቋረጥ ይጋለጣል። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ ከክብር ጥያቄነት አልፎ የሕክምናው ውጤት የሚመካበት ሁኔታ ነው።

አስታማሚ ከታካሚው ጎን የማይለይበት ባህል የታመመን ሰው የሚደግፍ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ቤተሰብ መኖሩ ታካሚው ፈቅዷል ማለት ስላልሆነ፣ ባለሙያው ታካሚውን ለብቻው አነጋግሮ ማን ምን እንዲያውቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ ይገባዋል። ምስጢር የመጠበቅ ሐሳብ ለላስታ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ምእመን ለንስሐ አባቱ የተናዘዘው ነገር ከካህኑ አፍ እንዳይወጣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያዝዛልና። ይሁን እንጂ የጤና ባለሙያው ግዴታ ገደብ አለው፤ እንደ ኮሌራና ኩፍኝ ያሉ ወረርሽኝ ሊያስነሡ የሚችሉ በሽታዎች ለጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይደረጋሉ፤ ይህ ግን የታማሚውን ስም በመንደር ለማውራት ፈቃድ አይሆንም።

ማህደሩን የማግኘት መብት

ዋናው ማህደር በተቋሙ ቢቀመጥም፣ ታካሚው ይዘቱን ማወቅ፣ የሕክምና ማስረጃ መጠየቅና ወደ ሌላ ተቋም ሲላክ የተጠቃለለ መረጃ መያዝ ያስፈልገዋል። በተግባር ትልቁ እንቅፋት ቋንቋው ነው፤ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ማህደሩን በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በምኅጻረ ቃል ስለሚጽፉት፣ ወረቀቱን በእጁ የያዘ ገበሬ እንኳ ስለ ራሱ የተጻፈውን ለመረዳት ሌላ ሰው ማስነበብ ይገደዳል፤ በዚያው ቅጽበትም ምስጢሩ ይወጣል። ባለሙያው የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድና የቀጠሮውን ቀን በአማርኛ በቃል ካስረዳና፣ ለሚያነብም በጽሑፍ ከሰጠ፣ መረጃ የማግኘት መብትና ምስጢር የመጠበቅ መብት በአንድ ጊዜ ይከበራሉ።

የማህደር ደኅንነት

ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ላሊበላንና ሰሜን ወሎን ባዳረሰበት ጊዜ በአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ማህደር ሲጠፋ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ የክትትል ታሪኩን ያጣል፤ ሲበተን ደግሞ ምስጢሩ በማንም እጅ ሊገባ ይችላል። የተቆለፈ ካርድ ክፍል፣ የተጠበቀ መጠባበቂያ ቅጂና የሠለጠነ መዝጋቢ፣ እንደ መድኃኒትና እንደ አልጋ ሁሉ ከሕክምና መሣሪያዎች ሊቆጠሩ የሚገባቸው ስለዚህ ነው።