ልጥፉ የተፋቀ ጠርሙስ፤ ስለ ቤት መጠጥ ዕቃ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ የቤት መጠጥ የጻፉ ሊቃውንት፣ የአገር ተወላጆችም ሆኑ የውጭ አገር ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የእህሉን ዐይነት፣ የጌሾውን መጠን፣ የጥንስሱንና የድፍድፉን ሥርዐት ነው። ስለ ዕቃውም ሲናገሩ ጋኑን፣ እንስራውን፣ ዋንጫውንና ብርሌውን ይቈጥራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ገብቶ ግን በከተማ ቤት ከጋኑ አጠገብ ቦታ ያገኘው ዕቃ፣ ማለት የፋብሪካ መጠጥ ተሸጦበት ባዶውን የቀረው ጠርሙስ፣ እንደ ባህል ዕቃ ተቈጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠርሙሱ የባዕድ ሥራ ነው፤ የአገርን ባህል የሚሰበስብ ሰው ደግሞ የባዕድ ሥራ አይፈልግም። ቢፈልግም እንኳ ልጥፉ ያልተነካውን፣ ስሙና ዓመቱ የሚነበበውን ይመርጣል እንጂ ወረቀቱ የተፋቀውን እንደ ጥራጊ ይጥለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ለባህል ጥናት ይበልጥ የሚናገረው ልጥፉ የተፋቀው ጠርሙስ መሆኑን፣ መፋቁም የንጽሕና ሥራ ብቻ ሳይሆን ባዕድ ዕቃን ወደ ቤት የማግባት ሥርዐት መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሸክላው መጀመር ይገባል። ከገበያ የተገዛ አዲስ ምጣድ ወይም አዲስ ጋን እንደ መጣ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፤ አስቀድሞ መሟሸት አለበት። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህንን ሥራ ተራ እጥበት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ሸክላ የፈሰሰበትን ይጠጣል፤ የትናንቱን ጠላ ያስታውሳል፤ ክፉ ሽታ ከገባበትም በቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ማጠቡና ማጠኑ የቀድሞውን ትዝታ አውጥቶ በምትኩ የቤቱን ትዝታ የማስገባት ሥራ ነው። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ዕቃው በእውነት የባለቤቲቱ የሚሆነው ዋጋው በተከፈለ ጊዜ ሳይሆን በተሟሸና በታጠነ ጊዜ መሆኑን ነው።

መስታወት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የፈሰሰበትን አይጠጣም፤ ስለዚህም አይሟሽም። ስሙም ወደ ቋንቋችን የገባው በሌላ መንገድ ነው። ዛሬ የጠጅ ዕቃ የምንልበት ብርሌ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣና በግዕዝ መጻሕፍት የከበረ ድንጋይ ስም ሆኖ የሚገኝ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 21 የሰማያዊቱ ከተማ ስምንተኛው መሠረት ቢረሌ ተብሏል። የዕንቍ ስም ለጠጅ ዕቃ መሰጠቱ መስታወት በአገራችን ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከባሕር ማዶ በበቅሎና በግመል ተጭኖ ሳይሰበር ከደጋ የሚደርስ መስታወት ጥቂት ነበረና ብርሌ ለረዥም ዘመን የመኳንንት ማእድ ዕቃ ሆኖ ኖረ፤ ሌላው ሕዝብ በዋንጫና በቅል ይጠጣ ነበረ።

በዚያ ማእድ ላይ የነበረውን አንድ ልማድ እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበረ። የዚህ ትርጕም መርዝን መፍራት ብቻ አይደለም፤ የመጠጡ ዋስ ሰው መሆኑን ያስረዳል። ጠላ ቤትም ቢሆን በበሩ ላይ ጽሕፈት አይለጠፍበትም፤ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ መቆሙ ይበቃል። ጣሳው እዚህ ጠላ አለ ይላል እንጂ ጠላው መልካም ነው አይልም። መልካምነቱን የምትናገረው ጠማቂዋ ናት፤ የሚፈርደውም ጠጪው ነው። በወረቀት ላይ ታትሞ በዕቃው ደረት የሚለጠፍ ዋስትና ለዚህ ዐይነቱ ሥርዐት እንግዳ ነገር ነበረ።

እንግዳው የመጣው ከባቡሩ ጋራ ነው። በአሜሪካ ማይክል ኦውንስ የሚባለው ሰው በ1903 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ጠርሙስ በራሱ የሚሠራ መኪና ከፈጠረ በኋላ በአፍ እየተነፋ ይሠራ የነበረው ጠርሙስ ረከሰ። በዚሁ ዘመን የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ በ1909 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ ደረሰ። የበቅሎ ጀርባ የሚሰብረው ዕቃ በፉርጎ በሣጥን ተጭኖ መግባት ጀመረ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በከተማይቱ ተቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመኳንንት እጅ ይገኝ የነበረው መስታወት ባዶውን ሲሆን በየጓሮው የሚጣል ዕቃ ሆነ። ጥቅሙን አስቀድመው የተረዱት ግን መኳንንቱ ሳይሆኑ በየቤቱ እየዞሩ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚገዙት ሰዎች ናቸው። «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪያቸው በችኰላ ብዛት ተጨማድዶ «ቆራሌው» ሆነ፤ ሰዎቹም በዚሁ ስም ተጠሩ። ቆራሌው የገዛውን ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ያወርደዋል፤ ከዚያም ጠርሙሱ ወደ ጠጅ ጣይዋና ወደ አረቄ አውጪዋ ቤት ይመለሳል።

በዚህ ዝውውር ውስጥ አንድ ልዩነት አለ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ የሚከፈልበት ስለ ሆነ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። የወይን ጠጅና የውስኪ ጠርሙስ ግን ጠያቂ የለውም። ወፍራም፣ ጠንካራና መልከ መልካም ሆኖ ሳለ ጌታ የሌለው ነው። ለቤት መጠጥ የተመረጠው በተለይ ይኸኛው የሆነበት ምክንያት ይህ ይመስለናል። ጠርሙስ ከዚያ በኋላ መስፈሪያም ሆነ፤ ዘይትና ላምባ፣ አረቄም በጠርሙስ ተለክቶ ተሸጠ።

አሁን ወደ መፋቁ ሥራ እንምጣ። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ሰው ነው። ልጥፍ ሁሉ አንድ ሙጫ የለውም፤ ሙጫውን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ ይውላል፤ መስታወቱንም ይጭረዋል። ከዱቄት፣ ማለት ከስታርች የተሠራው ሙጫ ከሁሉ የዋህ ነው፤ ጠርሙሱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካደረ ወረቀቱ በማግስቱ ሳይቀደድ ተንሸራቶ ይወጣል። ሁለተኛው ከወተት የሚወጣውና ካዜይን የሚባለው ሙጫ ነው። ይህንን የቢራ ፋብሪካዎች የመረጡት ጠርሙሱ በበረዶ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ልጥፉ እንዳይለቅ ብለው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አያሸንፈውም፤ የአመድ ውሃ ግን ያሸንፈዋል። አመድ በውሃ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያለው ፖታስ ስለሚሟሟ ውሃው ሙልጭልጭ ይላል፤ ካዜይንም እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ይፈታል። ፋብሪካው ራሱ የተመለሱለትን ጠርሙሶች በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ የሚያጥበው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በምድጃዋ አመድ የምትጠቀመው ሴትና በታላቅ ማጠቢያ መኪና የሚጠቀመው ፋብሪካ የያዙት ጥበብ በመሠረቱ አንድ ነው ብንል አላጋነንንም፤ ልዩነቱ የእርሷ ጥበብ በመጽሐፍ አለመጻፉ ነው።

ሦስተኛው ሙጫ ከሁሉ የከፋ ነው። ስታንተን ኤቨሪ የሚባል አሜሪካዊ በ1935 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በጀርባው ሙጫ ተቀብቶ የሚመጣና ሲጫኑት የሚጣበቅ ልጥፍ ለገበያ አወጣ። የዚህን ዐይነቱን ሙጫ ውሃም አመድም እምብዛም አይነካውም፤ ወረቀቱ ቢላጥ እንኳ የሚያጣብቀው ነገር በመስታወቱ ላይ ይቀራል፤ አቧራና ዝንብ ይይዛል። የሚፈታው ዘይት ነው። ላምባም ይፈታዋል፤ ሽታው ግን ለመጠጥ ዕቃ የማይሆን ነውና ዘይት ቀብቶ ጥቂት ማቈየት፣ ከዚያም በደቃቅ አመድ ማሸት ይሻላል። በመስታወቱ ላይ በቀለም ታትሞ በእሳት የተተኰሰውን ስም ግን የሚያወጣው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለው ጠርሙስ ስሙን ተሸክሞ ይኖራል።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በልጅነቱ ለበዓል ጠርሙስ ከሚዘፈዝፉት አንዱ ነበረ። ቀይና ወርቃማ ቀለም ያለው ልጥፍ ሳይቀደድ የወጣልን እንደ ሆነ በደብተር ገጾች መካከል አድርገን እናደርቀው ነበረ። እናታችን ወረቀቱን ለእኛ ትታ ጠርሙሱን ትወስዳለች፤ ደቃቅ ጠጠርና ውሃ ጨምራ ትነቀንቀዋለች፤ በግራዋ ታለቀልቀዋለች፤ ዘቅዝቃም ታደርቀዋለች። አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ የወይራው ጭስ እንደ ጋን አይገባለትም። ግራዋው ግን አልቀረም። መስታወት ትዝታ የለውም ብለናል፤ ግራዋ ለመስታወት ምን ያደርጋል ያለ ሰው ቢኖር መልሱ ከዚህ በላይ የተነገረው ነው፤ ዕቃው የቤቱ የሚሆነው በቤቱ ሥርዐት ሲታጠብ ነው። ለሸክላ ማሟሸት የሆነው ለጠርሙስ ልጥፉን መፋቅ ሆነ። ሸክላ የቀድሞውን ትዝታ በሆዱ ይይዛል፤ ጠርሙስ ግን በደረቱ ላይ ይዞታልና ቢላዋውም የሚያርፈው በደረቱ ላይ ነው።

መፋቁ በሥራም ጥቅም አለው። አረቄ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል፤ ተራው ከዳግሙ፣ ጥሩው ከደፈረሰው በመጀመሪያ የሚለየው በዐይን ነውና ወረቀት ይጋርዳል። ጠጅ ደግሞ በጠርሙስ ውስጥም ሆኖ መፍላቱን አይተውም፤ አፉ ተጠርቅሞ ከተዘጋ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላላ ተደርጎ ይወተፍበታል እንጂ የፋብሪካው ክዳን አይመለስለትም። እንዲህ ሆኖ ልጥፉም ክዳኑም ከሄዱ በኋላ ከፋብሪካው የቀረው ቅርጹ ብቻ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ የክብር ጕዳይም አለበት፤ የባህል ጥናት ሊያልፈው የማይገባው ይህ ነው። ልጥፉን ሳይፍቅ በውስኪ ጠርሙስ ሌላ መጠጥ ሞልቶ የሚሸጥ ሰው አታላይ ነው፤ የባዕድን ስም ሰርቆ ይነግዳል። ልጥፉን ፍቃ አረቄዋን የምትሸጥ ሴት ግን «ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ቅመሱና ፍረዱ» ማለቷ ነው። በሕግ ዐዋቂዎች ዐይን ሲታይ ስም የሌለው ጠርሙስ አጠራጣሪ፣ ስም ያለው የታመነ ይመስላል። በቤት መጠጥ ሥርዐት ግን ነገሩ ተገልብጦ ስሙ የቀረበት ጠርሙስ አጠራጣሪ፣ የተፋቀው የታመነ ሆኖ ይገኛል። የአሳላፊው መዳፍና የተፋቀው ጠርሙስ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ይህን ካልን በኋላ ሌላውን ወገን መደበቅ አይገባንም። መፋቅ የባዕዱን ስም እንደሚያጠፋ ሁሉ ማስጠንቀቂያውንም ያጠፋል። ላምባ ወይም የተባይ መርዝ የነበረበት ጠርሙስ ወረቀቱ ከተነሣ ከውሃ ጠርሙስ አይለይም፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ የተቀመጠ መርዝ እንደ መጠጥ ተወስዶ ሰው መጕዳቱ በብዙ አገር የታወቀ አደጋ ነው። ጠርሙሱ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት ሲመጣ ምን እንደ ነበረበት ይታወቃል። በቆራሌው ጆንያ አልፎ ሲመጣ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ አፍንጫና ግራዋ ብቻ ይቀራሉ፤ እነዚህም ሁልጊዜ አይበቁም። ጋኑን በምታጥንበት ሥርዐት ጠርሙሱን የምትቀበል ሴት ሸክላ ሠሪዋን ታውቃት ነበረ፤ ጠርሙሱን ማን እንደ ነበረው ግን አታውቅም። በእኛ ግምት አሮጌው ሥርዐት በአዲሱ ዕቃ ላይ የተሸነፈበት ቦታ ይህ ነው።

ባህልን የሚሰበስቡ ሰዎች ስለዚህ ልጥፉ የተፋቀውን ጠርሙስ ቢያነሡ፣ በምን እንደ ተፋቀ፣ ምን እንደ ተጨመረበትና ማን እንደ ፋቀችው ቢጽፉ መልካም ነው። ስሟ በየትኛውም ወረቀት ላይ የማይገኝ ሴት የእጅዋን ምልክት የተወችው በዚያ በተጫረው መስታወት ላይ ነው። ጊዜውም ጠባብ ነው፤ በብዙ ቤት ጄሪካንና የላስቲክ ጠርሙስ የመስታወቱን ቦታ ወስደዋልና። የላስቲኩን ልጥፍ ለማንሣት አመድም ዘይትም እምብዛም አያስፈልግም፤ ዙሪያውን የተጠመጠመው ወረቀት በጥፍር ሲሳብ ይወጣል። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበረ፤ ዛሬ ግን በየመንደሩ ማናቸውም የላስቲክ ጠርሙስ፣ ልጥፍ ይኑረው አይኑረው፣ ሃይላንድ ይባላል። አረቄ ሊገዛ የሚሄደውም ሰው ባዶ ሃይላንዱን ይዞ ይሄዳል።