ዜና ምጽዋ ወዶጋሊ

ይህ ዜና በቀይ ባሕር ዳር ስላለችው ስለ ምጽዋ ከተማ፣ ከእርሷም ወደ ደጋ በሚወጣው መንገድ ላይ ስለ ሆነው ጦርነት የተጻፈ ነው።

ከአሥመራ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሲነሣ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሲደርስ እግሩ ባሕር ይነካል። ነፋሲት ላይ ቀና ቢል ደብረ ቢዘን ገዳም ከተራራው ራስ ላይ አለ። ጊንዳዕን ሲያልፍ ደጋው ያለበሰውን ጋቢ አውልቆ ያጥፋል። ከዚያ ወዲያ ሰሐጢ፣ ከሰሐጢ ወዲያ ዶጋሊ፣ ከዶጋሊ ወዲያ ምንኩሉ ይከተላል፤ ከምንኩሉ ወዲያ ባሕር ነው። ከሰሐጢ እስከ ባሕሩ ያለው መሬት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥቁር ድንጋይ፣ እሾህና ደረቅ ወንዝ ነው። ነገር ግን ነገሥታት ሠራዊታቸውን፣ መንግሥታትም መርከባቸውን ያሰለፉት ለዚህ መሬት ነው። የዐፄ ዮሐንስ የጦር አበጋዝ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጣልያንን ድል ነሥተው ሳለ ስለ ምን ምጽዋን አልያዙም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይህን ሜዳ በእኩለ ቀን ይለፍበት። ደገኛ ወታደር በዚህ ሙቀት ያለ ውኃ አይሰነብትም፤ ወደቡም ቢደርስ የሚጠብቀው የመርከብ መድፍ ነው። ከባሕር የመጣውም ከመርከቡ በራቀ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ተራራውን የያዘ ባሕሩን፣ ባሕሩን የያዘ ተራራውን አላገኘም፤ ሁለቱም እዚሁ መካከል ተላለቁ።

የከተማይቱ ነገር እንዲህ ነው። ምጽዋ በሁለት ደሴት ላይ ተቀምጣለች፤ አንደኛው ጠዋለት፣ ሁለተኛው አሮጌው ከተማ ያለበት ነው። ደሴቶቹን እርስ በርስና ከየብስ ጋር ያገናኘው በባሕሩ ላይ የተደለደለ መንገድ የተሠራው ለግብፅ ያገለግል በነበረው በስዊሱ በሙንዚንገር ጊዜ ነው። ቤቶቿ ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የታነጹ፣ መስኮቶቻቸውና ሰገነቶቻቸው በተፈለፈለ እንጨት የተዋቡ ናቸው። የነቢዩ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ መጀመሪያ የረገጡት ይህን ምድር ነው ይላል የአገሩ ትውፊት፤ የሰሐባ መስጊድም በዚህ ስም ይጠራል። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያን አስከትሎ ከግራኝ አሕመድ ጋር ሊዋጋ ወደ ደጋ የወጣው ከዚህ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም ኦቶማን ቱርኮች መጥተው ወደቡን ያዙ፤ ከእነርሱ በኋላ በቱርክ ስም ያስተዳድሩ የነበሩት በአርቂቆ የተቀመጡት ናይቦች ናቸው። ለ300 ዓመት የሐበሻ ነገሥታት ጨው ባሕሩን በሩቅ እያዩ ለሌላ ቀረጥ ከፈሉ።

ከዚያም ግብፅ ምጽዋን ከቱርክ ተቀብላ ደጋውንም ተመኘች። በ1868 ዓ.ም. ሠራዊቷን ሁለት ጊዜ ሰደደች፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎ ጉራ ላይ ደመሰሱት። ድሉ ታላቅ ነበር፤ ምጽዋ ግን በግብፅ እጅ ቀረች።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ አድሚራል ሂዌት ዓድዋ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተዋዋለ። ውሉ እንዲህ ይላል፦ የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ቢሆን፣ በምጽዋ በነጻ ይለፍ፤ ግብፅ የያዘችው ቦጎስም ለኢትዮጵያ ይመለስ፤ ኢትዮጵያም በሱዳን መሐዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ታውጣ። ኢትዮጵያ ቃሏን ፈጸመች። ራስ አሉላ የተከበቡትን አወጡ፤ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶቹ አለቃ ከዑስማን ዲግና ጋር ገጥመው ብዙ ሰው አጥተው አሸነፉ። ነገር ግን ኩፊት ላይ ደም በፈሰሰበት ቀን ምጽዋ አስቀድማ ተሰጥታ ነበር። ውሉ ከተፈረመ በስምንተኛው ወር፣ በጥር 1877 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ወታደሮቹን አውርዶ ወደቡን ይዟል። የዚህን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የጣልያንን ወረራ ያነሣል። እኔ ግን ከወረራው ይልቅ ይህ ውል ያሳዝነኛል፤ የታመነው ወገን ዋጋውን በሰው ነፍስ ከፍሎ ሳለ የገዛውን ለሌላ ሰጡበት።

ጣልያንም በምጽዋ አልረጋም፤ ወደ ሰሐጢና ወደ ዊዓ ወጥቶ ምሽግ ሠራ። ራስ አሉላ ልቀቁ ብለው ላኩ፤ አልሰሙም። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሲሞላ፣ በ1879 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ከጊንዳዕ ወርደው የሰሐጢን ምሽግ ገጠሙ። ምሽጉ ከውስጥ መድፍ ነበረውና አልተደፈረም፤ ብዙ ሰው ወደቀ። ራስ አሉላ ግን ወደ ደጋ አልተመለሱም። በነጋታው ሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ 500 ያህል ወታደር፣ ስንቅና ሁለት መትረየስ ይዞ ከምንኩሉ ወደ ሰሐጢ ሲመጣ ዶጋሊ ላይ አገኙት። ጣልያኖቹ ጉብታ ላይ ወጥተው ተከላከሉ፤ መትረየሶቹ ተበላሹባቸው፤ ጥይታቸውም አለቀ። የራስ አሉላ ጦር ከየወገኑ ከቦ በጎራዴና በጦር ገባባቸው። ከ400 የሚበልጡ ሞቱ፤ ከቆሰሉት በቀር የተረፈ የለም። ዘግይቶ የመጣው ረዳት ጦር ሬሳዎቹን በሰልፍ እንደ ተኙ አገኘ ተብሎ በአገራቸው ተነገረ። ከኢትዮጵያ ወገን የወደቁትን ግን በስም የመዘገበ አልነበረም። በሮማ ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ በ500ዎቹ ስም ይጠራል፤ ከግብፅ የመጣ ሐውልትም በስማቸው ቆሟል። በኋላ ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ዘርፈው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ምስል ያስቀመጡት ከዚሁ ሐውልት አጠገብ ነው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስም ያንን አንበሳ አይቶ አልታገሥ ያለው በዚያው ሥፍራ ነው።

የእንግሊዝ መልእክተኛ ፖርታል በ1880 ዓ.ም. ለማስታረቅ በመጣ ጊዜ ራስ አሉላ፣ እኔ ሮማን ልገዛ ከሄድኩ ያን ጊዜ ጣልያን ሰሐጢ ይምጣ ብለው መለሱለት። ጣልያን ግን በጄኔራል ሳን ማርዛኖ ሥር 20,000 ያህል ጦር አመጣ፤ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ጠላት የሚያይበት ፊኛም ወደ ሰማይ ሰደደ። በመጋቢት ዐፄ ዮሐንስ እጅግ ብዙ ሠራዊት ይዘው ሰሐጢ ፊት ሰፈሩ። ጣልያን ከምሽጉ አልወጣም፤ ንጉሡም ሰውን በምሽግ ላይ ማስፈጀት አልወደዱም። ስንቅ አለቀ፤ በሽታ ገባ፤ ጎንደርን መሐዲስቶች እንዳቃጠሉ አስቀድሞ ተሰምቷል፤ ከኋላም የሸዋው ንጉሥ የምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ነገር ያሰጋ ነበር። ንጉሡ ሳይዋጉ ተመለሱ። በዓመቱ መተማ ላይ ቆስለው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በምኒልክና በጣልያን መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ጣልያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ ዐወጀ፤ ምጽዋንም ዋና ከተማ አደረገ።

አሁን ከጦርነቱ የከፋውን እጽፋለሁ። ለዚህ ሁሉ ጦር ቀለብ የሚሆን ከብት ከውጭ በምጽዋ ይገባ ነበር፤ ከከብቱም ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከወደቡ ወደ ሐማሴን፣ ከሐማሴን ወደ ትግሬ፣ ከትግሬም ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ተሻገረ። ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ ይላሉ የጻፉት። በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ ቆፈረ፤ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣም መጣ፤ ሰው ልጁን ቀብሮ እርሱም በመንገድ ወደቀ። ክፉ ቀን የተባለው ይህ ነው። ጉንደት፣ ጉራ፣ ዶጋሊና ዓድዋ ተደምረው የዚያን ዘመን ረኃብ ያህል ሰው አልፈጁም። ወደ ዶጋሊ ጉብታ የሚወጣ ሁሉ የወደቀውን ወታደር ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ወደ ወደቡ ሲደርስ ያን ከብትና በሬውን ያጣውን ገበሬ እንዲያስብ እሻለሁ።

በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈረሳት፤ እንደገና ተሠራች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እንግሊዝ ያዛት፤ ጣልያኖች እጅ ሳይሰጡ በፊት መርከቦቻቸውን ራሳቸው አስጥመው ወደቡን ዘጉት፤ አሜሪካዊው ኤልስበርግ ቀጥሎ ባለው ዓመት ከባሕር ሥር ያወጣቸው ጀመር። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መሠረት ሆነች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጠዋለት ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ይቀመጡ ነበር።

ያም አለፈ። ከየካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ጀምሮ ለኤርትራ ነጻነት ይዋጋ የነበረው ሻዕቢያ በየብስና በፈጣን ጀልባ ገጥሞ ምጽዋን ያዘ። ከየብስ ወደ ጠዋለት በሚያስገባው በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ታንክ ከታንክ ተገጣጠመ፤ የአማርኛም የትግርኛም ተናጋሪ እናቶች ልጆች እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ በአየር ተደበደበች፤ ለረኃብተኛ የመጣ እህል በወደቡ ተቃጠለ፤ ሕዝቧም ተገደለ። ቤተ መንግሥቱ ጉልላቱ ተቀዶ ቆሟል፤ በአሮጌው ከተማ የተፈለፈሉት ሰገነቶች ተንጠልጥለዋል፤ በጠዋለትም ሦስት ታንኮች የመታሰቢያ ሐውልት ሆነዋል። ከዚያ ጦርነት የተመለሰ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ያልተመለሰለትም ብዙ ነው፤ አብዛኛው መቃብሩን አላየም።

በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የነጻይቱ ኤርትራ መንግሥታት ታረቁ። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ምጽዋ ደረሰች። ስሟ መቀሌ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ መናገሻቸው ባደረጉት ከተማ ስም የተሰየመች ናት። ወደ ቻይና የምትወስደውን የኤርትራ ዚንክ ጭናም ሄደች።