ሪስታርት አድርጉኝ ባዩ መስኮት

በዊንዶውስ ሆድ ውስጥ ተጠቃሚው የማያየው አንድ ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት መስመር ነው፤ የላይኛው የሚነሣውን ፋይል፣ የታችኛው የሚሄድበትን ቦታ ይናገራል። የታችኛው ባዶ ከሆነ ፋይሉ ይሰረዝ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ገና ሳይመጣ፣ ኤስኤምኤስኤስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይህን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነበዋል፤ የታዘዘውን ይፈጽምና ዝርዝሩን ያጠፋዋል። በስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ «ሪስታርት አድርጉኝ» የሚለው መስኮት አንዳንዴ የሚለምነው ይህ ዝርዝር እንዲነበብለት ነው።

ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። እንደዚህ መስኮት ደንበኞቼን የሚያማርር ነገር ጥቂት ነው፤ ቫይረስ እንኳ እንዲህ አይረገምም። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ሁለቱንም ወገን መስማት ይቀናኛል። ሥራዬን አታቋርጡኝ የሚለው ሰው እውነት አለው። አቁምና ልጠግን የሚለው ማሽንም እውነት አለው። ላለፉት 30 ዓመታት የተካሄደው ክርክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ የሚነሣው ከአንድ አሮጌ ውሳኔ ነው። ዊንዶውስ፣ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የሚሠራበትን የሲስተም ፋይል ሌላ መጥቶ እንዲተካው አይፈቅድም። ሰው የተኛበትን ቁርበት ለመለወጥ ሰውየውን መቀስቀስ ግድ እንደሚሆነው፣ ፋይሉን ለመተካትም የያዙትን ሁሉ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹን ፋይሎች ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ከተነሣበት ደቂቃ እስኪጠፋ ድረስ አይለቃቸውም። ስለዚህ አዲሱን ፋይል ጎን ላይ ያስቀምጥና «ስነሣ ተካው» ብሎ በዝርዝሩ ላይ ይጽፋል።

በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ የተጀመረው ዩኒክስና የእርሱን ፈለግ የተከተለው ሊኑክስ መንገዳቸው ሌላ ነው። እዚያ የፋይሉ ስም ለብቻ፣ አካሉም ለብቻ ነው የሚያዘው። ስሙን ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ መስጠት ይቻላል፤ አሮጌውን ከፍቶ ይሠራ የነበረው ፕሮግራም እስኪጨርስ በያዘው ይቀጥላል። የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ካልተቀየረ በስተቀር ሪስታርት እምብዛም የማይጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋ ግን አለው፤ አሮጌውን ይዞ የቀረ ፕሮግራም ተደፈነ የተባለውን ቀዳዳ እንደያዘ ለወራት ሊሠራ ይችላል። የዊንዶውስ መንገድ ያሰለቻል፤ ቢሆንም ማሽኑ ሲነሣ ሁሉም በአዲሱ ይነሣል።

በዊንዶውስ 95 ጊዜ ዝርዝሩ በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ሪስታርት ያልጠየቀ ነገርም ጥቂት ነበር። የኔትወርክ አድራሻ መቀየር እንኳ አጥፍቶ ማብራት ይፈልግ ነበር። ዊንዶውስ 2000 ይህን ካስቀረ በኋላ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሰው እፎይ አለ።

ዊንዶውስ አፕዴት በ1998 ከዊንዶውስ 98 ጋር መጣ፤ ተጠቃሚው ራሱ ሄዶ ማሻሻያውን መፈለግ ነበረበት። በ2000 ዊንዶውስ ሚሌኒየም በራሱ የሚያወርደውን ጨመረ። ችግሩ ማሻሻያ መታጣቱ አልነበረም። በጃንዋሪ 2003 ስላመር የተባለው ትል የዓለምን ኔትወርክ ሲያጨናንቅ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ከወጣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ቢል ጌትስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2002፣ ደኅንነት ከአዳዲስ ነገሮች ሁሉ ይቅደም ብሎ ለሠራተኞቹ ጽፎ ነበር። ጥገናው ግን ሰው ካልጫነው ምን ይረባል?

ከዚያ ኦገስት 11 ቀን 2003 ብላስተር መጣ። ያን ሰሞን በሙያው የነበረ ሰው አይረሳውም። ትሉ አርፒሲ የሚባለውን አገልግሎት ሲመታው ኤክስፒ ያለዚያ አገልግሎት መኖር ስለማይችል ራሱን ያጠፋል፤ ከመጥፋቱ በፊት 60 ሰከንድ የሚቆጥር መስኮት ያወጣል። ሰው ኢንተርኔት በከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆጠራው ይጀምራል፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይቆጥራል። የእኛ መሣሪያ አንድ ትእዛዝ ነበረች፤ ሸትዳውን፣ ሰረዝ፣ ኤ። በእነዚያ 60 ሰከንዶች ውስጥ ከተጻፈች ቆጠራው ይቆማል፤ ከዚያ ፋየርዎሉን አብርቶ ጥገናውን መጫን ነው። ጥገናው ከወጣ 26 ቀን ሆኖት ነበር። ትሉን የሠሩት ሰዎች ደግሞ የያዛቸውን ማሽኖች ሁሉ በኦገስት 16 ወደ ማሻሻያው ድረ ገጽ እንዲዘምቱ አዝዘውት ነበር፤ መድኃኒቱ የሚገኝበትን ደጅ ለመዝጋት ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ያንን አድራሻ ራሱ አንሥቶ ከጥቃቱ አመለጠ።

አሁን የምናውቀው ሥርዓት የተወለደው ከዚህ ድንጋጤ ነው። በኦክቶበር 2003 ጥገና በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ መውጣት ጀመረ። በኦገስት 2004 የወጣው የኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ ተጠቃሚው ራስ ሰር ማሻሻያውን እንዲያበራ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። መስኮቱም ጠባዩን ያኔ ያዘ፤ «በኋላ» ሲሉት ይሄድና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ደግሞ «በኋላ»፣ ደግሞ 10 ደቂቃ።

ፍርድ ቤት አጠገብ የአቤቱታ ጽሕፈት ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ ያስጠሩኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር አንድ በይልኝ፤ ክሱን ልጨርስበት።»

«ጋሼ፣ የጻፉትን ሴቭ አድርገው አንድ ጊዜ እሺ ይበሉት። ይነሣና አይመለስም።»

«ባለጉዳዩ ቆሞ እየጠበቀ? ሲነሣ መሐል መብራት ቢጠፋስ?»

የመጨረሻው ጥያቄያቸው መልስ የሚያሳጣ ነበር። መስኮቱን የነደፉ ሰዎች መብራት ሁልጊዜ እንዳለ አድርገው ነው የነደፉት። ዩፒኤስ ለሌለው ጽሕፈት ቤት ሪስታርት ማለት አደጋ ነበር፤ ፋይል በመተካት ላይ ያለ ማሽን መብራት ሲሄድበት አንዳንዴ ጭራሽ አይነሣም። ለጋሼ አገልግሎቱን ለዚያ ቀን አቁሜላቸው እሄድ ነበር፤ በማግስቱ ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎቱም አብሮ ይነሣል።

በሙያችን ከዚያ የባሰ ልማድም ነበር። ኤክስፒው የተቀዳ ሲዲ፣ ኢንተርኔቱም በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ስለነበር ብዙ ጠጋኝ ፎርማት አድርጎ እንደጨረሰ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሻሻያውን ማጥፋት ነበር። ደንበኛውም መስኮት የማያወጣ ማሽን ስላገኘ ያመሰግናል። በኦክቶበር 2008 የወጣ አንድ ጥገና ያልደረሰባቸውን ማሽኖች በኖቬምበር ኮንፊከር የሚባለው ትል አገኛቸው። ትሉ በኋላ በፍላሽ መጓዝንም ተማረ። በፍላሽ ለሚኖር አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ ቢሮ ይገባል፣ ከቢሮ ቤት ይገባል።

ኢንተርኔት ቤቶች ደግሞ የራሳቸው መከላከያ ነበራቸው፤ ዲስክ የሚያቀዘቅዝ ፕሮግራም። ተጠቃሚው የፈለገውን ቢያወርድ፣ ቢሰርዝ፣ ቫይረስም ቢያስገባ፣ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ነገር ወደተቀዘቀዘበት ቀን ይመለሳል። ለባለቤቶቹ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ራስ ሰር ማሻሻያው ካልጠፋ ግን ከዚህ ፕሮግራም ጋር ማለቂያ የሌለው ዙር ይገጥማል። ማሻሻያው ይወርዳል፣ በዝርዝሩ ላይ ይጻፋል፣ መስኮቱ ይመጣል፣ ባለቤቱ ሪስታርት ይላል፤ ቅዝቃዜው የወረደውንም የተጻፈውንም ይደመስሳል። ማሽኑ ሲነሣ ማሻሻያው እንደጎደለ ያያል፣ እንደገና ያወርዳል። የቤቱ ማሽኖች ሁሉ አንዱን ፋይል በየቀኑ ሲያወርዱ መስመሩ ለደንበኛ አይተርፍም። ሰዎች ኢንተርኔቱ ደከመ ብለው ነበር የሚጠሩኝ፤ የማገኘው ግን ይህን ዙር ነው። መፍትሔው ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አምሽቶ ቅዝቃዜውን ማንሣት፣ መስኮቱ እስኪጠፋ ደጋግሞ መጫንና ማስነሣት፣ ከዚያ መልሶ ማቀዝቀዝ ነበር። ይህን በየወሩ የሚያደርግ ባለቤት አላገኘሁም።

ቪስታ በ2007 ሲመጣ መስኮቱ ትንሽ ትሕትና ተማረ፤ ከ10 ደቂቃ ሌላ አንድ ሰዓት ወይም አራት ሰዓት መጠበቅ ቻለ። ትልቁ ለውጥ ግን በ2012 በዊንዶውስ 8 መጣ፤ ለእኔ የብዙ ሰው እንቆቅልሽ የተፈጠረውም ያኔ ነው። ማሽኑ ቶሎ እንዲነሣ ተብሎ ማጥፋት የሚባለው ነገር ተቀየረ። «ሸትዳውን» ሲባል የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርት ግን አይዘጋም፤ እንዳለ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ጠዋት እንዳለ ይመለሳል። «ሪስታርት» ሲባል ግን ሁሉም ይዘጋል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይነሣል።

የቆየ ልማዳችን ደግሞ ሥራ ሲያልቅ አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ መሄድ ነው። «ማታ ማታ እኮ አጠፋዋለሁ! ለምን ሪስታርት ይለኛል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ያጠፉታል። ከሶኬት መንቀሉም አይለውጠውም፤ የተቀመጠው ዲስክ ላይ ነውና። ሙሉ መዘጋት የሚጠብቅ ማሻሻያ በዚህ አቋራጭ ምክንያት ላይጫን እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፏል፤ ጽሑፉን ግን ማን ያነበዋል። ይህ ለተጠቃሚው በግልጽ ሊነገር ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ለብዙ ዓመት የተማሩት ትክክለኛ ነገር ያለ ማስጠንቀቂያ ሐሰት ሆነባቸው። ለእንደዚህ ያለ ደንበኛ ጥገናው አንድ ነገር ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ «ሪስታርት» የሚለውን መንካት። ወይም ፈጣን መነሻውን ከፓወር ቅንብሩ ውስጥ ማጥፋት።

በጁላይ 2015 ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጋር ክርክሩ ወደ ማሽኑ አደላ፤ የቤት ተጠቃሚ ማሻሻያ አልፈልግም ማለት አልቻለም። ሰዎች በሥራ መሐል ሲጠፋባቸው ጮኹ፤ በ2016 የሥራ ሰዓት የሚባል ተጨመረ፤ በቀን 12 ሰዓት አትንካኝ ማለት ተቻለ፣ በሚቀጥለው ዓመት 18 ሆነ። ጩኸቱ ሳይበርድ፣ ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የሚባለው ትል የዓለምን ማሽኖች ቆለፈ። በእንግሊዝ ከ236 የሕዝብ ጤና ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹ ተነኩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕመምተኞች ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ጥገናው በማርች 14 ወጥቶ ነበር። ቀጠሮው ለተሰረዘበት ሕመምተኛ መስኮቱን «በኋላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ፣ ማሽኑ ያለ ፈቃድ መጥፋቱን የምቃወምበት አፍ ያጥረኛል።

ሪስታርት ተደርጎ፣ ተደርጎ፣ አሁንም የማይሄድ መስኮት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ያንን ዝርዝር ነው። በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ያለው ቦታው ከዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን ጀምሮ አልተነካም፤ «ሴሽን ማናጀር» ሥር፣ «ፔንዲንግ ፋይል ሪኔም ኦፐሬሽንስ» ይባላል። በውስጡ ያለው የፋይል አድራሻ ጥፋተኛውን በስሙ ይጠራዋል፤ አንዴ የፕሪንተር ሶፍትዌር ነው፣ አንዴ ሳይራገፍ የቀረ አንቲቫይረስ ነው፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር «ስነሣ ይህን ሰርዝ» እያለ አዲስ መስመር ይጽፋል። ዝርዝሩን አጥፍቶ ደንበኛውን መሸኘት ቀላል ነው፤ በማግስቱ ተመልሶ ይጻፋል። የሚጽፈውን ፕሮግራም ማራገፍ ወይም ማደስ ነው የሚበጀው። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ማሻሻያው ሲነሣ እየወደቀ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ እንደገና እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አያለሁ፤ ከሞላ አስለቅቄ፣ ዲዝም የሚባለውን የጥገና ትእዛዝ፣ ቀጥሎም ኤስኤፍሲን አስኬዳለሁ፤ ካልሆነ የአፕዴት አገልግሎቱን አቁሜ የወረዱት ፋይሎች ያሉበትን ማህደር ስሙን እለውጠዋለሁ፤ ዊንዶውስ አዲስ ይከፍታል፣ ከመጀመሪያው ያወርዳል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ አልጀምርም፤ የጋሼ ጥያቄ ዛሬም አለ።

ሥራ ላይ ያለን ከርነል ሳያስቆሙ መጠገን እንደሚቻል በ2008 የኤምአይቲ ተማሪዎች ኬስፕላይስ በተባለ ፕሮግራም ለሊኑክስ አሳይተዋል፤ በ2015 መሠረቱ በሊኑክስ ከርነል 4.0 ውስጥ ገባ። ማይክሮሶፍትም በኤፕሪል 2025 ለድርጅቶች በሚሸጠው ዊንዶውስ 11 ላይ ወርኃዊ የደኅንነት ጥገናን ያለ ሪስታርት መጫን ጀመረ፤ ሪስታርቱ በዓመት ወደ አራት ወረደ። ለጽሕፈት ቤቱና ለተማሪው ላፕቶፕ ግን ይህ አልደረሰም።

እነርሱ ጋ የደረሰው ሌላ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለተራዘመው የደኅንነት ጥገና አገልግሎት ያልተመዘገበ ማሽን ወርኃዊ ጥገና አይመጣለትም፤ ጥገና ከሌለ መስኮቱም የለም። «ተገላገልኩት፣ መጠየቁን ተወ» ብሎ የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ ማሽኑን ተቀብዬ መጀመሪያ የማየው ፕሮሰሰሩንና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ መኖሩን ነው፤ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ይችል እንደሆነ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃሉ።