የፈሰሰ ውሃ ሲታፈስ

አፍንጮ በር የተከራየነው ቤት ፎቅ ነው። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ሲረግጡት የሚንቋቋ፣ የድሮ የአራዳ ፎቅ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። እኛም እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው "ይመጣል" ብለን ተኛን። ጠዋት ከታች ያሉት እትዬ በራችንን አንኳኩ። "እናንተ ልጆች፣ ዝናቡ እናንተ ቤት ውስጥ ሆነ እንዴ የሚዘንበው?" አሉን። ቤት ውስጥ ያሰጡት በርበሬ ርሷል። እኛ ደግሞ የምንገባበት ጠፋን።

ጥፋተኛው የዓሣ ገንዳችን ነበር። ዓሦቹ ግን ምንም አላደረጉም፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ገንዳው ሁለት ፎቅ አለው። ላይኛው ዓሦቹ የሚታዩበት መስታወት ነው። ከሥሩ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ባለሙያዎቹ "ሰምፕ" የሚሉት ሌላ ገንዳ አለ። የላይኛው ሲሞላ ትርፉ በጠርዝ በኩል ሞልቶ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ይጣራል፤ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ይላል ያገራችን ሰው። የሰምፕ ሥራ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የፈሰሰውን ማፈስ ነው።

ታዲያ መብራት ሲጠፋ ምን ሆነ? ፓምፑ ቆመ። ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ቱቦ አፉ ውሃ ውስጥ ስለነበር፣ ያው ውሃ በዚያው ቱቦ ወደ ኋላ መውረድ ጀመረ። ነዳጅ ከመኪና በጎማ ስቦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንዴ ከጀመረ አየር እስኪያገኝ አይቆምም። ገንዳችን ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር በቀነሰ ቁጥር 5 ሊትር ይወርዳል። የቱቦው አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ነበር፤ 50 ሊትር ማለት ነው። ታች የነበረው ባዶ ቦታ የሚችለው 20 ሊትር ብቻ። የቀረው 30 ሊትር እትዬ ዘንድ ወረደ።

መፍትሔው የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ቀጭን ቀዳዳ መብሳት። ውሃው እዚያ ድረስ ሲቀንስ ቱቦው አየር ይስባል፣ ስበቱም ይቋረጣል። ቀዳዳዋን ስንበሳ ግን አንድ ጥያቄ አእምሯችን ውስጥ ገባ። ሰው ውሃን ከማስገባት ይልቅ የማስወጣቱን ነገር ለምን ሁልጊዜ በኋላ ያስበዋል?

የዓሣ ገንዳው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይነግረናል። በ1850 (ቀኖቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ዓሣና የውሃ ተክል አብረው ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚያኖር አሳየ። በ1854 ፊሊፕ ጎስ "ዘ አኳሪየም" የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ለንደንም በዓሣ ገንዳ ፍቅር አበደች። ሆኖም ያ ሁሉ ውሃ የቆመ ነበር። መግቢያ እንጂ መውጫ አልነበረውም፤ እየደፈረሰ ዓሦቹን ይጨርስ ነበር። ነገሩን የለወጠው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ የተባለ፣ ለንደን ውስጥ የገንዳ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። በ1864 በሃምቡርግ፣ ከዚያም በ1871 በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ በሠራቸው አኳሪየሞች ከገንዳዎቹ ሥር ጨለማና ቀዝቃዛ የውሃ ማጠራቀሚያ አኖረ። በክሪስታል ፓላስ ከሥር የተደበቀው ውሃ ለሕዝብ ከሚታየው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ትርፉ በራሱ ይወርዳል፣ ፓምፕ ይመልሰዋል። በ1874 የተከፈተው የኔፕልስ አኳሪየምም የእሱን ምክር ይዞ ነው የተሠራው። የኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የዚያ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

የመውጫ ነገር ግን ከዚያም በፊት ያሳሰባቸው ነበሩ። በ97 ዓ.ም. የሮማ ውሃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ፣ ከፏፏቴና ከማከፋፈያ ገንዳዎች ሞልቶ የሚፈሰውን ትርፍ ውሃ ማንም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንዳይወስድ የሚከለክለውን ሕግ መዝግቦልናል። ምክንያቱ ያስገርማል፤ ትርፉ የከተማዋን የቆሻሻ መውረጃዎች ማጠቢያ ነበር። በኛም አገር ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል፣ በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቃል። የሠሩት ሰዎች መግቢያውን ሲያስቡ መውጫውንም አስበው ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በ1886 ዓ.ም. አካባቢ (አሁን የምንቆጥረው በኛ ነው) ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ስቦ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ መልሶ ኮረብታው ላይ መውጣቱ "ጉድ" ተባለ። በእርግጥ ጉድ አልነበረም፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው ልኩን ፈልጎ ነው የወጣው። ይህ የሁላችንም ኩራት ነው፤ በትምህርት ቤትም እየሰማነው አድገናል።

ያ ውሃ ከተጠጣና ከታጠቡበት በኋላ የት ሄደ ብሎ ያስተማረን መምህር ግን አናስታውስም። ከተማዋ የቃሊቲን የፍሳሽ ማጣሪያ ያገኘችው በ1970ዎቹ ነው። ከኢልግ ቧንቧ በኋላ ዘጠና ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! በመካከሉ ያሉትን ዓመታት የተሸከሙልን ወንዞቹ ናቸው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ላይ ያለው የሚለቀው ሁሉ ከታች ላለው ይደርሳል። እኛ በ30 ሊትር ውሃ እትዬን አስቀየምን፤ ከተማው በሙሉ ደግሞ አቃቂ ላሉት ገበሬዎች ስንት ሊትር እንደላከ እስቲ አስቡት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለት ነገር አድርገናል። አንዷ ያቺ ቀዳዳ ናት። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው መውረጃ ትንሽ ከፍ ያለ መጠባበቂያ ቱቦ ነው፤ ዋናውን ቅጠል ቢደፍነው ትርፉ በዚያ ይወርዳል። ከዚያም አውቀን ፓምፑን ነቅለን፣ ሰዓት ይዘን፣ ሰምፑ ሳይሞላ ውሃው መቆሙን አየን። እትዬ ለምስክርነት ተጠርተው ሙከራውን ቆመው ተከታተሉ። ሲያበቃ "ይኼን መጀመሪያ ብታደርጉት ኖሮ በርበሬዬ ይተርፍ ነበር" አሉን።

ልክ ናቸው። አዲስ በርበሬ ገዝተንላቸዋል።