ኤንትሬን የሚያድሰው ማን ነው?

ኤንትሬ ጡረታ ያልተፈቀደለት የፊያት የጭነት መኪና ነው። በተፈለሰፈበት በጣልያን አገር ዛሬ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ንብረት ሆኗል፤ ታጥቦና ተወልውሎ ለትርኢት ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን የልጅ ልጆቹ የሚሆኑ መኪኖች ከመጡ በኋላ እንኳ አሸዋ፣ ድንጋይና እህል ሲጭን ኖሯል። ለዚህ ዕድሜ ያበቃው የብረቱ ጥንካሬ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ብረቱስ ጠንካራ ነው፤ ግን ጠንካራ ብረት የነበራቸው ስንት መኪኖች በየሜዳው ዝገው ቀርተዋል። ኤንትሬን ያቆየው በየከተማው ጋራዥ አባት ለልጁ ያስተላለፈው ሙያ ይመስለኛል። ያ ቅብብሎሽ ሲላላ መኪናውም እያለቀ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከሲራራ ነጋዴው ዘመን መነሳት ይሻላል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ያለው አገር ሸቀጡን የሚያጓጉዘው ያኔም በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነበር። ከባድ መኪና በብዛት የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ሲወር፣ ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረደው ስንቅና ጥይት ተራራውን የሚወጣበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። ሊማሊሞ፣ ጣርማ በር፣ ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወጣው መስመር፣ ሁሉም የዚያ የአምስት ዓመት የችኮላ ሥራ ናቸው። በእነዚህ መንገዶች የተመላለሱት ፊያትና ላንቻ የተባሉት የጭነት መኪናዎች አሽከርካሪያቸው ጣልያን፣ አውራጅና ጫኙ ብዙውን ጊዜ የአገሬው ሰው ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ሁሉም ጣልያን አልሄደም። መካኒክ፣ ቶርኖ ሠራተኛና ጋራዥ ከፋች ሆኖ የቀረው ጥቂት አልነበረም። ትናንት ጎማ ሲያነሳ የነበረው ልጅ ከእነሱ ሥር ሆኖ ሞተር መፍታት ተማረ። ይህ ልጅ የሙያው የመጀመሪያ አባት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰሞን ተገጣጠሙ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በተከታዩ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና በጦርነት የፈራረሱት መንገዶች ይጠገኑ ጀመር። በ1945 ዓ.ም. መግቢያ ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የኢትዮጵያ በር ሆነች። ፊያት ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አዲሱን 682 የተባለ ከባድ መኪናውን አወጣ። መንገድ፣ ወደብና መኪና እንዲህ ባይገጣጠሙ ኖሮ የሹፌርነት ሙያ በዚያ ፍጥነት ባልተስፋፋ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ሦስተኛው ዓይነት፣ ኤን ትሬ፣ በሕዝቡ አፍ ኤንትሬ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የፊያትን መኪናዎች አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረ።

መኪናው ምን ነበረው? አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል የተቀመጠ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ10 ሊትር ተኩል የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ጉልበቱ 180 ፈረስ ገደማ። ቱርቦ የለውም፤ የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። ለእኛ አገር መልክዓ ምድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሰብ ላይ በባሕር ጠረፍ ጢም ያለ አየር ይስባል፤ ያው መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ አየሩ ሳስቷል፤ ፓምፑ ግን የሚረጨውን ናፍጣ አልቀነሰም። ጥቁር ጭስ የሚያንቦለቡለው ያልተቃጠለው ናፍጣ ነው። ደጋ ለደጋ ለሚሠራ መኪና ፓምፑን መቀነስ፣ ቆላ ለሚወርደው መጨመር ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም ለሚያዳርሰው ደግሞ መካከሉን ማግኘት። ይህ መካከል በየትኛውም የፋብሪካ መጽሐፍ ላይ በደሴና በኮምቦልቻ ልክ አልተጻፈም። በአንድ መካኒክ እጅ ነበር፤ ከእሱም ወደ ልጁ ሄደ።

ሙያው የሚጀምረው ከረዳትነት ነው። የክረምት ዕረፍት ሲመጣ ሹፌሩ ልጁን ጋቢና ውስጥ ይዞ ይወጣ ነበር። ለልጁ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ታኮ መያዝ ነው። መኪናው ተሳቢውን ይዞ ዳገት ላይ ሲደክም፣ ዘሎ ወርዶ እንጨቱን ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል፤ ሹፌሩ ማርሽ እስኪለውጥ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት። ከዚያ ግሪስ መስጠት፣ ፍሬን ሪጅስትሮ ማድረግ፣ ባሌስትራ ሲሰበር መንገድ ላይ መለወጥ። መሪ የሚጨብጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ትውልድ ሹፌርም መካኒክም ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ሲዞር ገደል ዳር ያለው ረድፍ ያስለመደውን ሁሉ በአንድ ቀን የለወጠም ይኸው ትውልድ ነው።

በደርግ ዘመን የግል ከባድ መኪናዎች በቀጠና ተደራጅተው በመንግሥት ስምሪት መሥራት ጀመሩ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ መለዋወጫ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ካልተገኘ በቶርኖ ተቀርጾ መሠራት ነበረበት። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ እህል ከአሰብ ወደ ላይ በገፍ እንዲወጣ ሲያስገድድ፣ አዲስ መኪና እስኪመጣ አሮጌው መቆም አልቻለም። ዛሬ እድሳት የምንለው ያን ጊዜ ስም አልነበረውም፤ በየወሩ የሚሠራ ሥራ ነበር።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል እንበል። ምልክቱ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃው አረፋ መድፈቁ ነው። ልጁ ቁልፍ አንስቶ ሊፈታ ሲሮጥ፣ አባት «ቆይ፣ መጀመሪያ ስማው» ይላሉ። ረጅም ካቻቢቴ ይወስዱና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከአንደኛው ሲሊንደር እስከ ስድስተኛው ይሄዳሉ። የቱ ጋ እንደሚያፏጭ፣ ከአንኳኳም ከቫልቭ ይሁን ከታች ከኩሽኔታው የሚለዩት በዚህ ነው። ቴስታታው ወርዶ ተጠርጎ ሲመለስ ትልቁ ጥንቃቄ ብሎኑ ላይ ነው። «አንተ ልጅ፣ ከመሃል ነው አልኩህ! ከዳር ከጀመርክ ይጣመማል።» «እሺ አባባ፣ መሃሉን ጨርሻለሁ።» «እንግዲያው አቋርጠህ ሂድ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታጥብቀው፤ ሦስቴ ተመለስበት።» አባት ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነው ይህን የሚሉት፤ ጉልበታቸው ሞተር ሥር መግባት ካቆመ ቆይቷል። እጁ የልጁ፣ ቅደም ተከተሉ የአባት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ እንዳለበት የሚረሳ ወጣት መካኒክ ብዙ ነው፤ አባት ያሉበት ጋራዥ ውስጥ ግን አይረሳም።

ይህን ስጽፍ ያን ዘመን ማስዋብ እንዳይመስልብኝ። ጋቢናው ውስጥ ያለው የሞተር ሙቀት አፋር በረሃ ላይ ምን እንደሚያደርግ የተቀመጠበት ያውቀዋል። ድምፁ ስንቱን ሹፌር በስተርጅና ጆሮውን አደንቁሮታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ግሎ እምቢ ያለባቸው ቤተሰቦች አሉ። ኋላ ሕዝቡ አይሱዙን አልቃይዳ፣ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ ሲጠራ፣ የጥንቱ ገዳይ አልነበረም ለማለት አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ጥቂት፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ስለነበረ ነው።

ወደ 1990 ዓ.ም. ስንመጣ ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት የአሰብን መስመር ዘጋው፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ በኋላ የገቡት መኪናዎች ቱርቦ ያላቸው፣ ጭነታቸው የበዛ፣ አዳዲሶቹም በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ብልሽታቸውን የሚናገረው መመርመሪያ መሣሪያ ነው፤ ካቻቢቴ ጆሮ ላይ አድርጎ አይሰማም። የሹፌሩ ልጅ ዛሬ ዳላስ ወይም ሲያትል ላይ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ መኪና ሲነዳ ሊገኝ ይችላል፤ በዚያ ሥራ የተሰማራው የእኛ ሰው ብዙ ነው። እዚያ አገር አሮጌ ፒተርቢልት ወይም ኬንዎርዝ ከአባት ጋር ማደስ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተ የጭነት መኪና ታሪክ ማኅበርም አላቸው። ገንዘብ፣ ሰፊ ግቢና ትርፍ ቅዳሜ የሚጠይቅ ደስታ ነው። እኛ ጋ ኤንትሬ ያለው ቤተሰብ የሚያመዛዝነው ሌላ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ያገኛል ወይስ በኪሎ ተሸጦ ለአርማታ ብረት ይቀልጣል?

ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ጎብኚ ያየዋል። የከባድ መኪናው ታሪክ ግን በየቤተሰቡ ግቢ ነው የቀረው። አንዱን ለማትረፍ ያሰበ ሰው ቢኖር፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከቀለም ባይጀምር እመክራለሁ። ቀለም ዛሬም ነገም ይቀባል፤ ላሜራም የሚቀጠቅጥ አይጠፋም። የማይገኘው ፓምፑን ለደጋና ለቆላ የሚያስማማው ሰው ነው። እሱ ካለ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ። ስልክ በሁሉም ኪስ ውስጥ አለ፤ ጤነኛው ሲሊንደር ምን እንደሚል፣ የታመመው ምን እንደሚል አባት እየጠቆሙ ይቀዳ። የፓምፑ ልክ ስንት ጥርስ እንደተዞረም በደብተር ይጻፍ፤ ከነቀኑ፣ ከነቦታው ከፍታ።